ጠዋት የሚሞተው መስመር

አቶ ደጀኔ ሰው ይቀፈው ነበር። የጨበጠውን እጅ ኪሱ ውስጥ በመሐረብ ይጠርጋል፤ ሰው ያስነጠሰበት ክፍል ዳግም አይገባም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ሹመቱን ይወዳል፤ የተሾመባቸውን ሰዎች ግን ሽታቸውን እንኳ አይችልም።

በ1988 ዓ.ም. አንድ ረጂ ድርጅት ለመሥሪያ ቤቱ ስድስት ኮምፒውተሮች ሰጠ። ሊገጥማቸው የመጣው ክንዱ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ከዕቃ ክፍሉ አንድ ጥቁር ገመድ አንስቶ፣ በየቢሮው እያሳለፈ፣ እስከ ደጀኔ ጠረጴዛ ድረስ ዘረጋ። ሲሠራ ትንንሾቹን ብረቶች ልብስ ሰፊ መርፌ እንደሚይዝ በጥርሱ ይይዛቸዋል፤ ከዚያ ከነምራቃቸው አውጥቶ ይገጥማቸዋል። ደጀኔ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«ይሄን መስመር የኮምፒውተሮቹ ኩባንያ ለራሱ ማሽኖች ብቻ ነው የሠራው፣ ጋሼ» አለ ክንዱ። «የሌላ ኩባንያ ማሽን ቢሰኩበት አይግባባም። ጽሑፉ ሁሉ የሚቀመጠው ዕቃ ክፍል ባለው ትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እነዚህ የራሳቸው ማስቀመጫ የላቸውም። የመናገር ተራውን እንደ ማኅበር ጽዋ ይቀባበሉታል። ጽዋው የደረሰው ይናገራል፣ ሌላው ዝም ይላል። ገመዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ መሐሉ ቢበጠስም፣ ጫፉ ክፍት ቢሆንም፣ ሁሉም ድዳ ይሆናሉ።»

ደጀኔ የሰማው ግማሹን ነው። ዓይኑ ክንዱ አገጭ ላይ በቀረችው ምራቅ ላይ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ የጠዋት ሥራው ጽዳት ሆነ። በሩን ይዘጋና ከመድኃኒት ቤት የገዛውን አልኮል በጥጥ እየነከረ ወንበሩን፣ ስልኩን፣ የኮምፒውተሩን ቁልፎች፣ ያ ልጅ የነካውን ሁሉ ይወለውላል። የሚወልቀውን አውልቆ መስኮቱ ደፍ ላይ ፀሐይ ያስመታዋል። ምሳውን በልቶ ሲመለስ እያንዳንዱን ወደ ቦታው ይመልሳል። ጠዋት ባለጉዳይ ስለሚያስተናግድ ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ከሰዓት በኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ያለው የሚባለው የዕቅድ ክፍል ሠራተኛ ቅሬታ ይዞ መጣ።

«መስመሩ ጠዋት ጠዋት ይሞታል። ከሰዓት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል።»

«ጠዋት ብቻ?»

«ጠዋት ብቻ፣ ጌታው።»

ሁለቱም አንድ ሰው አሰቡ።

የመዝገብ ቤቷ ሀብትነሽ እናቷ ሆስፒታል ተኝታለች። እሷን ለማስታመም ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ስላላት ቢሮ የምትውለው ጠዋት ብቻ ነው። ከሆስፒታል ስትመጣ የሕሙማን ክፍል ሽታ ልብሷ ላይ ይኖራል። ከእናቷ የተረፈውን ፍትፍት በሣህን ይዛ መጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ትበላለች። ገመዱ የሚያልፈው ደግሞ በእሷ ጠረጴዛ ሥር ነው።

ደጀኔ ጎንበስ ብሎ አየ። ገመዱ ላይ ወጥ ደርቆበታል፤ በረሮ ይሄድበታል። ቶሎ ቀና አለ።

«ገመዱን ትነኪዋለሽ?»

«ኧረ በማርያም። ጠጋ ብዬውም አላውቅ። እርስዎስ ያውቁኝ የለም ወይ?»

በአፏ ጥግ ፍትፍት ነበረ። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አላሰኘውም።

አንድ ሐሙስ ደጀኔ ለስብሰባ ቡሬ ሄደ። በዚያው ቀን የሀብትነሽ እናት ስለባሰባት እሷም ሳትመጣ ቀረች። ደጀኔ በማግስቱ ሲመለስ አቶ ያለው በር ላይ ጠበቀው።

«ትናንት መስመሩ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠራ ዋለ። እሷ የለች፣ ችግሩ የለ» አለ።

ግምገማ ተጠራ። በዚያ ዘመን ግምገማ ላይ ዝም ያለ ሰው ራሱ ይገመገማልና፣ ሁሉም ተራ በተራ እጁን አወጣ። አንዱ ገመዱን በእግሯ ስትገፋው አይቻለሁ አለ። ሌላው ኮምፒውተሩን ስትራገም ሰምቻለሁ አለ። ከዚያች ሣህን ሲጎርሱ የከረሙት ጭምር ተናገሩ። ያስጠላ ነበር።

«ግለ ሂስሽን አውጪ» አላት ደጀኔ።

«ያላደረግሁትን ምን ብዬ ልናዘዝ? ይሄ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።»

እከክ የሚለውን ሲሰማ ደጀኔ ፊቱን አጨማደደ። ወደ ዓባይ ቆላ፣ መኪና በወጉ ወደማይገባበት ወረዳ እንድትዛወር ወሰነ።

«እናቴ ከእኔ እጅ በቀር አትጎርስም» አለች ሀብትነሽ። «ለማን ልተዋት?»

«ይሄ መሥሪያ ቤት እንጂ ሆስፒታል አይደለም።»

አላለቀሰችም። በሩን ከፍታ ወጣች። ደጀኔም የያዘችውን እጀታ በአልኮል ወለወለው።

ሰኞ ማለዳ እናቷን ለጎረቤት አልጋ አስታማሚ አደራ ብላ በጭነት መኪና ሄደች። ማክሰኞ ጠዋት አቶ ያለው የደጀኔን በር አንኳኳ።

«መስመሩ ሞቷል» አለ።

ደጀኔ ጥጡን እንደያዘ አቶ ያለውን ከጫማው እስከ ራሱ አየው። ጥፍሩ ሥር እድፍ አለ።

«እንግዲያ ከእሷ የባሰ ቆሻሻ መሐላችን አለ ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እሱም ይገኛል።»

ክንዱ ለሥራ ቡሬ ሰንብቶ ስለነበር፣ ስልክ ተደውሎለት ከእኩለ ቀን በፊት ደረሰ። ገመዱን ከዕቃ ክፍሉ ጀምሮ እየዳሰሰ መጣ። በሀብትነሽ ባዶ ጠረጴዛ ሥር በደረቱ ተኝቶ አየው፤ ቆሽሿል እንጂ ምንም አልሆነም። በመጨረሻ ደጀኔ ቢሮ ገባ።

«እጅህን ታጥበሃል?» አለ ደጀኔ።

ክንዱ ጠረጴዛውን ዞረ። ከኮምፒውተሩ ኋላ እጁን ሰዶ ሲደባብስ ቆየና ቀና አለ።

«ገመዱ የሚያልቀው እዚህ ነው፣ ጋሼ። ጫፉን የደፈንኩባት የብረት ቆብ የት ሄደች?»

መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከብዕሩ ክዳን አጠገብ፣ በአልኮል የታጠበች አንዲት ትንሽ ቆብ ፀሐይ ትሞቅ ነበር።