የኤኔሌሲ አውራ ጣት

ኤኔሌሲ በእርዳታው ወረፋ ተራዋ ደርሶ አውራ ጣቷን የአሻራ መሣሪያው ላይ ስታሳርፍ ቀይ መብራት በራ። ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረግ አድርጋ ደገመች። ቀይ። ምራቋን እንትፍ ብላ አሽታ ሠለሰች። ያው ቀይ!

«ተዘግቷል ይላል» አለ መዝጋቢው ማክፎርድ፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ቀጣይ!»

«ምኑ ነው የተዘጋው? ጣቴ በር ነው እንዴ?»

ወረፋው በሳቅ አውካካ። እሷ ግን ለሳቅም አቅም አጥታለች። የሽሬ ወንዝ ሞልቶ ማሳዋን ጠራርጎ ከወሰደው ወዲህ ቤቷ ያሉት ስድስት ልጆች፣ ሦስቱ የራሷ፣ ሦስቱ የሟች እህቷ የምዋንዲዳ፣ ውለው የሚያድሩት በዚህችው የእርዳታ በቆሎ ነው።

ደግሞስ ያልነገረቻቸው ምን አለ? በአንድ ዓመት ሰባት ሰው መሣሪያ ታቅፎ መጥቶ ዶሮዋን ቆጥሯል፣ ጣሪያዋን ፎቶ አንስቷል፣ «በቀን ስንቴ ትበያለሽ?» ብሎ ጠይቋል። ሰባቱንም አስቀምጣ መልሳለች። ምዋንዲዳ አልጋ ላይ በዋለችበት ዓመት የሁለታቸውንም ምዝገባ በአንድ ቀን ሮጣ፣ ጣቷን አሳርፋ የጨረሰች እሷ ናት። በዚያ መንደር እህት ለእህቷ ወረፋ ትይዛለች፣ ልጅ ታጠባለች፣ ምን የማትሆነው አለ! ባለፈው ወር ምዋንዲዳ ስታርፍም «የሙት ድርሻ አልበላም» ብላ በእግሯ ሄዳ ሞቷን አስመዘገበች። ሌላው ሟቹን ዓመት ሙሉ ሲያበላ!

«የዶሮዋ ቂም ነው» ሹክ አለቻት ጎረቤቷ ክሪሲ። «ለሠርጌ ሽጪልኝ ሲልሽ እምቢ አላልሽውም? የአክስቱን ጆንያ እዪው እስቲ፣ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው!»

ኤኔሌሲ ደሟ ፈላ። «አንተ ማክፎርድ! በአንዲት ዶሮ ስድስት ልጅ ታስርባለህ?»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ምን አውቄ! ዘንድሮ መሣሪያው ስም አይጠይቅም፤ የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው። ለምን እንደተዘጋ ደግሞ ለእኔ አያሳየኝም፣ ዋናው ቢሮ ነው የሚያየው።»

«እኛስ አየን!» ጮኸች ክሪሲ። «ሌባ!»

ወረፋው ፈረሰ። አንዱ የማክፎርድን ወንበር ገፈተረ። የመንደሩ ሹም ጠረጴዛውን በከዘራቸው መቱት።

«ለቢሮው ደውል። እዚሁ በሁላችን ፊት ይክፈቱት። የዘጋኸው አንተ ከሆንክ ዛሬውኑ ከዚህ መንደር ትወጣለህ!»

ማክፎርድ ላቡን እየጠረገ ደወለ። ጠብቁ ተባለ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ ሕፃናት አልቅሰው አልቅሰው ተኙ። ኤኔሌሲ ባዶ ጆንያዋን አንጥፋ ተቀመጠችበት፤ ለመቆጣትም ጉልበት አልቀራትም።

በመጨረሻ መዝገቡ ተከፈተ። ሹሙ መሣሪያውን ከማክፎርድ እጅ ተቀብለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው አነበቡ፦

«የዚህ አውራ ጣት ባለቤት ምዋንዲዳ፤ ሞታለች። ያስዘጋችው እህቷ ኤኔሌሲ።»