ሃያ እፍኝ እንጆሪ

እናቷ ከተቀበረች ወዲህ አባቷ እህል አልቀመሰም። በስምንተኛው ቀን አንድ ነገር ጠየቀ።

«የእንጆሪውን ማርማላታ» አለ።

ልጅቷ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ለቤቱም አንድ ልጅ። ሙያውን የተማረችው ውጭ ነው። ትንሽ ሳለች እናቷ የወጥ ቤቱን ደፍ አታስረግጣትም ነበር። ማርማላታ በዚህ ቤት ሲሠራ አይታ አታውቅም። ጨው እንኳ ሳትመዝን ስለማትጨምር አክስቷ «ሚዛኔ» ትላታለች።

የእናቷ ደብተር ከቀብሩ ጀምሮ የቆየው አክስቷ ዘንድ ነው። አክስቷ ያመጣችው ከሦስት ጥሪ በኋላ ነበር።

«ይቅርብሽ፣ ሚዛኔ። ሌላ ነገር ሥሪለት።»

«ሌላ ነገር መቼ ጠየቀ?»

ገጹ ላይ በእናቷ የተስተካከለ ጽሕፈት «ስኳር፣ አንድ ኪሎ» ይላል። ከሥሩ «እንጆሪ፣ በእፍኝ»። ከጎኑ ሃያ ጭረት። ጭረቶቹ ተንጋደዋል፤ አንዳንዶቹ ከመስመር ወጥተዋል።

«እፍኝ ስንት ግራም ነው?»

«እፍኝ እፍኝ ነዋ! እጄ ላይ ቁጥር ተጽፏል እንዴ?»

«በይ ዝገኚ።»

አክስቷና እናቷ አንድ ጓንት ሲዋዋሱ የኖሩ እህትማማቾች ናቸው። አክስቷ ከቅርጫቱ አንድ እፍኝ ዘግና ሚዛኑ ላይ ዘረገፈችው። መቶ አሥር ግራም። በሃያ ሲባዛ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ።

ሚዛኔ ወደ ድስቱ ስትዞር ከጠረጴዛው ሥር ያለው አጭር በርጩማ እንደ ልማዱ ቁርጭምጭሚቷን መታት። ማንም አይቀመጥበትም። እናቷ ግን እንዳይጣል ትከለክል ነበር።

ማርማላታው ቀጠነ፤ ኮመጠጠም። አባቷ በማንኪያው ጫፍ ቀምሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይሄ አይደለም።»

ደብተሩን እንደገና ገለጠችው። የእናቷ እጅ እንዲህ አያንጋድድም። ሰው ጭረት ጨምሮበታል። ደብተሩ የነበረው ደግሞ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው።

ጭረቶቹን ትታ የሙያዋን ልክ ተከተለች፤ ለአንድ ኪሎ ስኳር አንድ ኪሎ እንጆሪ። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቅዞ የረጋውን ይዛ ገባች። አባቷ አንድ ማንኪያ ዋጠ። ደገመ። ሦስተኛውን ሞላና ከአልጋው ጎን፣ ማንም ወደሌለበት ዝቅ አድርጎ ዘረጋው።

«እፍ በይበት» አለ። «ያቃጥልሻል።»

ሐዘን አድክሞታል ብላ ማንኪያውን ቀስ አድርጋ ከእጁ ወሰደች። እሱም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

አክስቷ ወጥ ቤት ድስት ትፈትጋለች።

«በላ» አለቻት ሚዛኔ። «ልኩ አንድ ኪሎ ነው። ለሃያ ሲካፈል ሃምሳ ግራም። እስቲ እፍኙ ሃምሳ ግራም ብቻ የሚይዝ ሰው አሳዪኝ! ለምን ጨመርሽበት? አባቴም እንዲከተላት ነው?»

አክስቷ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። አጎንብሳ በርጩማውን ከጠረጴዛው ሥር ጎተተችና በሁለቱ መሀል አቆመችው።

«አንቺ ሳትወለጂ የሞተችው እህትሽ እዚህ ላይ ቆማ ነበር የምትሰፍረው» አለች።