የሃልስቢ የመጨረሻ አራት ዙር

«በግራዬ ሁንልኝ» አለ ሬጅ፣ ጓንቱን በጥርሱ እየጎተተ። «ከጎኔ እንዳትርቅ እንጂ የቀረውን እኔ እወጣዋለሁ።»

ሌን የእሽቅድምድም ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ ዞሮ አየው። የሚሰማቸው ሰው አልነበረም። መካኒኮቹ ሞተር እየገፉ ያስነሳሉ፤ ሞተሮቹ የሚያቃጥሉት የጉሎ ዘይት ጢስ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ከአጥሩ ወዲያ የሃልስቢ ሕዝብ ሰማያዊ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይዘምራል።

«ለዊልፍ እንንገረው» አለ ሌን። ዊልፍ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነው። «በአንተ ቦታ ሌላ ሰው ያስገባ።»

«ማንን ያስገባል? ግማሹ ቡድን ጄሶ ውስጥ ነው።» ሬጅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሜዳው ተሽጧል፣ ልጄ። በጸደይ ቤት ይሠራበታል። ሃያ ዓመት የነዳሁበትን ቦታ አጥር ተደግፌ ልሰናበተው?»

ሌን የነዳጁን ክዳን አጠበቀ።

እንዴት ያለ ጥቅምት ነበር! የሊጉ ግጥሚያ በዋንጫው ላይ እየተደረበ፣ ዝናብ ያስቀረውን ሁሉ እያካካሱ፣ በዊልፍ አሮጌ የጭነት መኪና አገሩን ከዳር እስከ ዳር አዳርሰውታል። ሬጅ እየነዳ ይዘፍናል። ሌሎቹ በሞተሮቹ መሀል ተጣጥፈው ይተኛሉ፤ ሲነቁ ደግሞ ማን የት ላይ እንደወደቀ እያነሡ ይተራረባሉ። እርጥብ ካልሲ፣ የቤንዚን ሽታ፣ የሬጅ ጎርናና ድምፅ። ሌን እነዚህ ሁሉ እንደሚናፍቁት ያኔውኑ፣ ገና ሳያልቁ ያውቅ ነበር። ሊጉን በጭቃ አጡት። ዋንጫው ግን እስከዚህ እሑድ ከሰዓት ድረስ ቆየላቸው።

የሬጅን ነገር ሌን ያወቀው ከአንዱ የሊግ ግጥሚያ ሲመለሱ ነው። ከፊቱ ከሚሄደው ሞተር ጎማ የተፈናጠረ ጠጠር የሬጅን መነጽር ሰብሮት ነበር። «ዓይኔ ቀልቷል እንጂ ደህና ነው» ብሎ ሐኪሙን ሸኘው። የመኪናውን ቁልፍ ግን ለሌን ወረወረለት። መንገድ ላይ አሳና ድንች ሊበሉ ሲቆሙ፣ ሬጅ ጨው ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ በግራው የነበረውን የአቼቶ ጠርሙስ ገለበጠው። ሁሉም ሳቁ። ሌን ብቻ አልሳቀም፤ የሬጅ ግራ ዓይን እንደማያይ ገባው።

«ሞተርህን አስነሣ፣ ተራችን ነው» አለ አሁን ሬጅ፣ ጓንቱን አጥልቆ ሲጨርስ።

«ሬጅ…»

«ድምፅህን እሰማለሁ። ያ ያንተ ሞተር እንደታመመ በሬ ነው የሚያጓራው። ብፈልግም አልስተውም።»

ሌን ሳይወድ ሳቀ። «እሺ፣ ካፒቴን።»

የዋንጫው የመጨረሻ ውድድር ነው፣ ከየቡድኑ ሁለት ሰው፤ ሂሳቡም ቀላል ነበር። ከሌንና ከሬጅ አንዳቸው አንደኛ ከወጣ፣ ሌላውም መጨረሻ ካልሆነ፣ ዋንጫው የሃልስቢ ነው። ፍሬን በሌለው ሞተር አራት ዙር፣ ሁሌም ወደ ግራ።

የመነሻው ገመድ ተነሣ። ከተጋጣሚዎቻቸው የአንደኛው ሞተር እዚያው ጠፋ። ሌላው፣ ዴንማርካዊው ፕሬበን፣ አፈትልኮ ቀደመ። ሬጅና ሌን ተከተሉት። ሌን በውስጠኛው መስመር፣ ሬጅ በቀኙ፣ ክርናቸው ሊነካካ እስኪደርስ ተጠጋግተው። በየመታጠፊያው የኋላ ጎማቸውን እያንሸራተቱ እኩል ይጋደማሉ፤ እኩል ይቃናሉ። ሬጅ አንድም ጊዜ ዞሮ ወደ ግራው አላየም። ሕዝቡ አጥሩን በእጁ እየደበደበ ስማቸውን ይጠራል።

በአራተኛው ዙር፣ በመጨረሻው መታጠፊያ፣ ፕሬበን ፍጥነቱን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ውጭ ተንሸራተተ። በውስጥ በኩል፣ ከነጩ መስመር አጠገብ ክፍተት ተፈጠረ። ሌን አየው። ጋዝ መስጠት ብቻ ነበር የቀረው።

ጥሎት ከሮጠስ? ሬጅ የት ላይ መታጠፍ እንዳለበት የሚለካው በሌን ድምፅ ነው። በሚያየው ዓይኑ በኩል ያለው የእንጨቱ አጥር ብቻ ነው።

የሌን እጅ አልተንቀሳቀሰም። ክፍተቱ ተዘጋ። ፕሬበን በአንድ ጎማ ርዝመት ቀድሟቸው ገባ።

ሞተሮቹ ጠፉ። ሬጅ ወርዶ ሄልሜቱን አወለቀ። ፊቱ በቀይ ጭቃ ተለስኗል፤ ንጹሕ የቀረው መነጽሩ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው።

«ዴንማርካዊው ወደ እኔ ሲመጣ አይቼዋለሁ» አለ። «በአንተ በኩል መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።»

«አላየሁትም» አለ ሌን።

ሬጅ በደህናው ዓይኑ አፈጠጠበት። ሌን ስድቡን ጠበቀ።

«እኔ ደግሞ በዚህ ቡድን ውስጥ የማላይ እኔ ብቻ መስሎኝ!» አለና ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ነገ ሐኪም ቤት ትወስደኛለህ?»

«እወስድሃለሁ።»

«ዊልፍ እንዳይሰማ።»

«እሱንማ አንተው ራስህ ትነግረዋለህ።»

ሬጅ ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «እሺ። እኔው እነግረዋለሁ።»

ዋንጫውን እንግዶቹ ወሰዱ። የሃልስቢ ሰው አጨበጨበላቸው፤ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። መጀመሪያ አንድ ሰው፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም አጥሩን እየተሻገሩ ገቡ። ማንም አልከለከላቸውም። የሜዳውን ቀይ አሸዋ ለማስታወሻ በኪሳቸው፣ በባርኔጣቸው፣ በሻይ ኩባያቸው ይዘግኑ ጀመር።

መታጠፊያው ላይ አንዲት አሮጊት ተንበርክከው ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ በማንኪያ ይሞላሉ፤ ቀስ ብለው፣ ትልልቁን ጠጠር እየለቀሙ። ሬጅ አጠገባቸው ቆሟል፤ ክዳኑን ይዞላቸዋል።