ሰማያዊው የማን ነው?

ዘንድሮ በየቤቱ የገባው የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ካንሰር የጀመረው ሰው ሲሸናበት ሰማያዊ ይሆናል። ዛሬ ማለዳ የእኛ ሰማያዊ ሆኖ አገኘነው። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ግን እኔና ባለቤቴ ስንዱ ተከታትለን ገብተን አንዳችንም ውኃ አልለቀቅንበትም።

«የእኔ ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «በሽታም ጀግና ይመርጣል። በሬ በትከሻዬ የተሸከምኩ ሰው ነኝ!»

«አንተ ጉረኛ! ትናንት ጀሪካኗን እንኳ ከመሬት አላነሳሃት» አለች ወገቧን ይዛ። ወገቧን መያዝ ከጀመረች ሰንብታለች።

የቀረችንን ባልዲ ውኃ ደፍተን መቀመጫውን አጠብነው። ቀድሜ ገባሁ። ሰማያዊ እንዲሆን ለመንኩት፤ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ቀረ።

«እህሳ?» አለች ከውጭ። «ውጣ፣ ልግባ።»

በሩን ከውስጥ ጥርቅም አድርጌ ይዤ ቆምኩ።