ሙት የሌለበት ቤት

በዚያ መንደር አናጢው በር ያልሠራለት ቤት የለም። የራሱ በር የቆመበት መሬት ግን የራሱ አልነበረም።

መሬቱ የሁሉም ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ክረምት ሊገባ ሲል ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ለየቤቱ ያከፋፍላሉ። ድርሻ የሚደርሰው ታዲያ በዚያ አፈር ሙት ለቀበረ ቤተሰብ ብቻ ነው። ሙት የሌለው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ቢሰነብትም ይሸኛል።

አናጢው ከሚስቱና ከአሮጊት እናቱ ጋር ድርቅ አባሮት ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ጎረቤታቸው ሸክላ ሠሪዋም እንደነሱ መጤ ነበረች። በቅርቡ የመንደሩ ጎረምሶች መጥተው የቤቷን ጣሪያ ቀስ ብለው አወረዱላት፤ እንጨቱንም በትህትና አሰሩላት። ልጆቿን አስከትላ ስትሄድ የአናጢው እናት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር።

በማግስቱ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የድንበር ጠብ ሲያስታርቁ ስለኖሩ «አባ ድንበር» ይሏቸዋል።

«ልጄ፣ እጅህ ወርቅ ነው፤ እንድትሄድብን አንፈልግም» አሉት። «ግን ሕግ ሕግ ነው። ክፍፍሉ ሳይደርስ መላ ፈልግ።»

ሲወጡ እናትየው አጠገብ ቆም አሉ።

«ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል?»

ከዚያ በፊት ስለ ጉልበቷ ጠይቀዋት አያውቁም።

ቀትር ላይ ጋደም እንዳለች ልጇና ምራቷ ከግድግዳው ወዲያ ሲንሾካሾኩ ሰማች።

«ከቤታችን አንድ ሰው እዚህ አፈር ውስጥ መግባት አለበት» አለ ልጇ። «ሌላ መላ የለም።»

«እናትህስ?»

«እሷ እንዳትሰማ።»

አሮጊቷ በልቧ ቆጠረች። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው። ሁለቱ ያርሳሉ፣ ይሠራሉ፣ ገና ይወልዳሉ። ማን እንደቀረ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

እራት ላይ ልጇ ድንገት ጠየቃት።

«እማዬ፣ አባዬ ሲቀበር በምን ነበር የገነዛችሁት?»

«በነጭ አቡጀዲ» አለች። «ምነው ጠየቅከኝ?»

«እንዲሁ ነው።»

በማግስቱ ምራቷ ነጭ አቡጀዲ ስትሰፋ ደረሰችባት። ምራቷ ደንግጣ ጨርቁን ከጭኗ ሥር ሸጎጠችው።

አናጢው «እንጨት ላመጣ ነው» ብሎ የአባ ድንበርን በቅሎ ተውሶ ሄደ። ሰንብቶ ሲመለስ እንጨት የሚባል ነገር አልያዘም። ዐይኑ ደም መስሏል፤ እናቱንም ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ከበቅሎዋ ላይ አንድ ጆንያ አውርዶ፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ መሥሪያ ክፍሉ አስገባና ቆለፈበት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«ሚስማር ነው፣ እማዬ።»

ከዚያ እጁን ታጠበ። ደግሞ ታጠበ።

የሬሳ ሣጥን ያለ ሚስማር እንደማይመታ የአናጢ እናት ታውቃለች። ከዚያ ቀን ወዲያ እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ አለ። ምራቷ ወተት አሙቃ ታመጣላታለች።

«ይጠጡ እማማ፣ ጉልበት ይሆንዎታል።»

አሮጊቷ «እሺ ልጄ» ትልና፣ ምራቷ ዞር ስትል ከአልጋው ኋላ ትደፋዋለች። ስትተኛ በሩን በበርጩማ ትደግፋለች። በሩን የሠራው ልጇ ነውና ሲከፈት አይሰማም።

መሸሽ አማራት። ግን ወዴት? አባ ድንበር ጋ እንዳትሄድ በቅሎዋን ያዋሱት እሳቸው ናቸው። ወደ ድሮው አገሯ እንዳትመለስ መንገዱ እንኳን ለሷ ጉልበት ለበቅሎም ይከብዳል። ደግሞስ ምን ብላ ትከሳለች? ልጄ ደግ ሆነብኝ ብላ?

አንድ ቀን በመስኮት ስታይ ልጇ ከጓሮ አጥሩ ሥር ይቆፍራል። ጉድጓዱ ጠባብና አጭር ነው። ለአንድ ሰው አይበቃም።

«አጣጥፎ ሊከተኝ ነው» አለች በልቧ። «እኔስ ብሆን ከስቼ ምን ቀረኝ?» ሳቋ ሊመጣ ሲል አፏን በነጠላዋ ያዘች።

በማግስቱ ጠዋት መጣ። ንጹሕ ልብስ ለብሷል።

«እማዬ፣ ተነሺ። አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ልጇ በአንድ ወገን፣ ምራቷ በሌላ ወገን ደግፈው አወጧት። ጓሮው በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተዋል። አባ ድንበር አካፋ ይዘው ከጉድጓዱ ራስጌ ቆመዋል። እንዴት አደሩ ያላት የለም።

ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። አገር ሙሉ ያውቃል።

ከልጇ እግር ሥር ወደቀች።

«አፈር ስሆንልህ፣ ልጄ! መሬቱ ይቅርብን። እየለመንኩም ቢሆን አኖራችኋለሁ። ፀሐይዋን አትከልክለኝ፤ አጥብቼህ አሳድጌህ…»

አናጢው ግራ ተጋብቶ አያት። ከዚያ አጠገቧ ተንበረከከ፤ በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አንስቶ ቀስ ብሎ ጭኗ ላይ አኖረላት። ነገሩ ቀላል ነበር።

«ይኸው እማዬ፣ አባዬን ካገራችን ይዤው መጣሁ።»