የቁም ሳጥኑ ቆዳ

«እሱን ከምትፍቂ እኔን ፋቂኝ» አሉ አሮጊቷ፣ ጀርባቸውን ለቁም ሳጥኑ ሰጥተው፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው።

ቀለም ቀቢዋ ማስቲካዋን እያኘከች አየቻቸው። የልጅ ልጃቸው እኩያ ናት፤ ከመንጋጋዋ በቀር የሚሠራ ነገር ያላት አትመስልም። ያመጣቻት ምራታቸው ናት። ምራትየዋ ማታ ስትመለስ ሳጥኑ አምሮበት ካላገኘችው ነገ ለማገዶ እንደምታስፈልጠው ተናግራ ሥራዋ ሄዳለች። ሟቹ ባላቸው ግን ለሠርጋቸው በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በገዛ እጁ ቫርኒሽ ቀብቶ ነው ያቆመላቸው። ቫርኒሹ ከተላጠ የእሱም እጅ አብሮ መላጡ ነው፤ ይህንኑ ለልጅቷ ገና ከበሩ ነግረዋታል።

እንደማትፍቀው ነገረቻቸው። የጠቆረው እንጨቱ ሳይሆን በላዩ የተጋገረው ነው አለች። አሮጊቷ አላመኗትም፤ ምላስ እንደሆነ አጥንት የለው።

ልጅቷ ታዲያ ከፊት ለፊት አልጀመረችም። ተንበርክካ፣ ማንም በማያየው በእግሩ የውስጥ ጎን፣ አኳራጅ የተባለውን የቀለም ማቅጠኛ በነካ ጨርቅ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ሞከረች። ጠበቀች። በጥፍሯ ዳሰሰች። አሮጊቷ በሆዳቸው «ሰው ያሳደጋት ናት» አሉና ከሳጥኑ በር ፈቀቅ አሉላት።

የእንጨቱን መስመር ተከትላ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያብስ ሰው ታሸው ጀመር። ጨርቁ ጠቆረ። ሌላ አመጣች፤ እሱም ጠቆረ። ከሥሩ ማር የመሰለ ቀይ ብቅ አለ። ልጅቷ ጨርቁን አሽትታ ፈገግ አለች።

«የምግብ ዘይት ነው እማማ። አቧራውን እየያዘ ይጋገራል። ማን ነው እንዲህ ሲቀባው የኖረ?»

አርባ ዓመት፣ በየቅዳሜው፣ በአሮጌ ቀሚሳቸው ቁራጭ። ባላቸው አንድ ቀን «ይሄ ሳጥን እየጠቆረ ሄደ» ቢላቸው፣ «የጠቆረው ዓይንህ ነው» ብለው አፉን አስይዘውታል። ሁለተኛ አላነሳውም።

«የቤት ሠራተኛዋ ትሆናለች» ሊሉ ነበር። አፋቸውን ከፈቱ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ልጅቷ ቀና እንኳ አላለችም። «እጅዎ ብርቱ ነው። ቫርኒሹ ግን አልተነካም፤ የባለቤትዎን ሥራ ሸፍነው አቆዩት።»

ከዚያ ከዕቃዋ የእንጨት ማወዣ ሰም አውጥታ፣ በጣቷ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረች ታለብሰው ያዘች። ቁልፍ የቧጨረው ቦታ ስትደርስ አለፈችው፤ «ዕድሜውን ምን ያስዋሸዋል» አለች። ማስቲካዋን ከረሳችው ቆይታለች። ሰው በማመስገን የማይታሙት አሮጊት፣ ክፉ ነገር ቢፈልጉላት አጡ።

ልጅቷ ዓይኗን አጥብባ ወደ እንጨቱ ተጠጋች። አሮጊቷ መስኮቱን ጋርደው መቆማቸው ያኔ ታወቃቸው። ዘወር አሉላት። ብርሃኑ ገብቶ የሳጥኑ በር ላይ ሲያርፍ፣ ከላይ እስከ ታች፣ የሟቹ ብሩሽ የሄደበት መንገድ አንድ በአንድ ታየ።