ስቅለት ላይ የወደቀው ፍጻሜ

እናንተ ብትሆኑ የስቅለት ዕለት ራኬት ይዛችሁ ሜዳ ትገባላችሁ? ሩትን ግን ግቢ ብለዋታል።

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ፣ የይበልጣል ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማለች። የስልኳ ጆሮ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ የሚሠራው በድምፅ ማጉያው ብቻ ነው። ስለዚህ አቶ ንጉሴ፣ የቴኒስ ቡድን መምረጫ ውድድሩ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ የሚናገረውን እህል የሚሰፍረውም አህያ የሚያስረውም እኩል ይሰማዋል።

«ቀኑ ትንሽ ቀደም ብሏል» ይላል ንጉሴ። «ከፋሲካ በኋላ የነበረው ሰሞነ ሕማማት ላይ ሆኗል። ፍጻሜው ዓርብ ነው።»

«የትኛው ዓርብ?»

«ያው… ዓርብ ነዋ።»

ሩት ራኬቷን ወደ ደረቷ ትስባለች። ከእህል መጋዘኑ ግድግዳ ጋር ስትጫወት ነው ያረፈደችው፤ እዚህ ሌላ ተጋጣሚ የላትም። የዓለም ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ስሟን የሚፈልግ ሰው ጣቱ ይደክማል፤ ግን አለች። እዚያ ለመቆየት ትንንሾቹን የውጭ ውድድሮች መዞር አለባት፤ ለመዞር ደግሞ ንጉሴ የሚመዘግበው ቡድን ውስጥ መግባት።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ናይሮቢም ውድድር ነበር። ሁለቱ ተጋጩ። አውጥታ አውርዳ የአገር ቤቱን መረጠች፤ ትናንት ከናይሮቢው ስሟን አስወጣች። አንዴ ከወጡ መመለስ የለም።

«ለምን ተቀየረ?»

«ሜዳውን ለሠርግ አከራይተውታል። ጾሙ ሲፈታ ሠርጉን ታውቂው የለ! ድንኳን ተተክሎ ቴኒስ አይጫወቱ።»

ባቄላ የሚሸጡት እትዬ ማንጠግቦሽ ቁናቸውን ቁጭ አደረጉት።

«ኤዲያ! ለሙሽራ ቦታ ሲሉ ስቅለትን ሊሽሩት ነው? መምሬ፣ ይሰማሉ? ያችን ወንፊቷን ይዛ ስቅለት ላይ ትዝለል ነው እኮ የሚለው!»

መምሬ ተክለ ማርያም የሩት አባት ናቸው፤ ለሕማማት ጧፍ ሊገዙ መጥተዋል። «ሰምቻለሁ» አሉ፤ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስቅለት ቀን ውሃ እንደማትቀምሺ አውቃለሁ። ውሃ ሳይቀምሱ ያን ሁሉ እንደማይሮጥም አውቃለሁ። ሂጂም ቅሪም አልልሽም፣ ልጄ።»

ቅሪ ቢሏት ይቀላት ነበር።

«ማነው እዚያ የሚጮኸው?» ይላል ስልኩ።

«ገበያ መሃል ነኝ።»

ንጉሴ ድምፁን ይቀንሳል። እሱ ያንሾካሹካል፤ ማጉያው ማንሾካሾክ አያውቅም።

«ስሚኝ ሩት። እንዲያውም አትምጪ። ሳትጫወቺም ስምሽን ቡድኑ ውስጥ አስገባልሻለሁ። ብቻ የሠርጉን ነገር ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪው። በኔና ባንቺ ይቅር።»

የሚሰፍረውም የሚያስረውም እጁን ገታ። ቀድመው የነቁት እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው፤ ቁጣቸው የት እንደገባ እንጃ።

«እሰይ! ተገላገልሽ! ስግደትሽንም ሰገድሽ፣ ጨዋታሽንም አገኘሽ። እሺ በይው እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?»

መምሬ ጧፋቸውን ያገላብጣሉ። ቀና አይሉም።

አንድ ቃል ነው የቀራት። እሺ ካለች ከቡድኑ ጋር ውጭ አገር ትዞራለች፤ እንቢ ካለች የመጋዘኑ ግድግዳ ይጠብቃታል። አፏን ልትከፍት ስትል ትዕግስት ትዝ አለቻት። ባሕር ዳር ስትሄድ አብራት የምትለማመደው፣ የራኬቷ ክር ሲበጠስ ክር የምታበድራት ትዕግስት። እሷም ለዚሁ ውድድር ተመዝግባለች፤ የስቅለት ዕለትም ከቤተ ክርስቲያን አትጠፋም። ለእሷ ግን ማንም ደውሎ አትምጪ፣ አስገባሻለሁ አላላትም። የቡድኑ ቦታ ደግሞ አይለጠጥም፤ አንዷ ሳትጫወት ከገባች ሌላዋ ሳትሸነፍ ትወጣለች።

«የማንን ስም አውጥተው?» ትላለች።

«እሱን ለኔ ተይው።»

«አቶ ንጉሴ፣ ስልኬ በማጉያ ብቻ ነው የሚሠራው። እስካሁን ያሉትን ገበያተኛው ሁሉ ሰምቷል። አባቴም መስቀላቸውን እንደያዙ አጠገቤ ቆመዋል።»

ስልኩ አልተዘጋም፤ ከወዲያ የሰውዬው ትንፋሽ ይሰማል። እህል ጭኖ የሚሄድ አንድ ሰው አህያውን አቁሞ አንገቱን ያሰግጋል።

ሩት ስልኩን ቁናው ውስጥ፣ ባቄላው ላይ አስቀምጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፤ ለሌላው ሰው ቦታ እንደምትለቅ።

«የማንን ስም ነው የሚያወጡት? ሜዳውንስ ለሠርግ የሰጠው ማነው? ድምፅዎን ከፍ ያድርጉና ለሁሉም ይመልሱ።»